ላልቶ የቀረው ፍሬን

(ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በአቶ ይመር የብስክሌት ጥገና ቤት፤ ልጃቸው ሙሄ ለብስክሌት ውድድር ሲለማመድ ቁልቁለቱ ላይ ከሞተ ዛሬ ዓመት ሞልቶታል፤ እህቱ ጦይባ የእሱን ብስክሌት ከግድግዳው አውርዳ ይዛዋለች።)

ይመር፦ መልሰሽ ስቀዪው ብያለሁ!

ጦይባ፦ አልሰቅለውም አባዬ። ነገ ጠዋት ጦሳን እወጣበታለሁ።

ይመር፦ መውጣቱንማ ፍየልም ይወጣዋል። ማን ሊያወርድሽ ነው?

ጦይባ፦ አንተ። ፍሬኑን አጥብቅልኝ።

ይመር፦ ፍሬን እንደማልነካ አገር ያውቃል። ጎማ እለጥፋለሁ፣ ሰንሰለት እቀይራለሁ፤ ፍሬን የተበላሸበትን ወደ ጎረቤት እሸኛለሁ።

ጦይባ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ይመር፦ እባቡን አይደለም ያየሁት፤ እባቡ እኔው ነኝ! ዳገቱ ላይ ጎማውን እየያዘ እንዳያደክመው ብዬ፣ ፍሬኑን ያላላሁት በዚህ እጄ ነው።

ጦይባ፦ ሁልጊዜም ታላላለት ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ እኔ አጥብቄለት ነው የሚወርደው።

ይመር፦ ያን ቀንማ ረሳው። አንቺ መፍቻውን ይዘሽ ቆመሽ፣ እሱ ሳይቆም አለፈሽ። ልጅ ይረሳል፤ ማሰብ የነበረበት አባት ነው።

ጦይባ፦ አልረሳም።

ይመር፦ አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?

ጦይባ፦ ዋሽቼህ ነው። ጫፍ ላይ አልነበርኩም።

ይመር፦ ምን አልሽ?

ጦይባ፦ ታች ከሰፈር ልጆች ጋር ወሬ ስጠርቅ ቆየሁ። ስደርስ ሄዷል። የጎማው ዱካ እዚያው ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ ዞሯል። ጠብቆኛል አባዬ! ዝናቡ ሲመጣበት ነው የወረደው።

ይመር፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዓመት ሙሉ ይህን እጄን ስረግመው እያየሽ፣ አብረሽኝ ማዕድ እየቀረብሽ?

ጦይባ፦ ልነግርህ እልና ፊትህን ሳየው እተወዋለሁ። ምታኝ፤ ከቤት አስወጣኝ። ብቻ እሱ ያልጨረሰውን ቁልቁለት ልጨርስለት።

ይመር፦ አንዱን አፈር አልብሻለሁ፤ ሌላዋን ከቤት ላስወጣ? መፍቻው የት አለ?

ጦይባ፦ ይኸው። ከዚያ ወዲህ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

ይመር፦ አምጪው። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፤ ነገ ካንቺ ቀድሜ እነሳለሁ። ጫፉ ላይ መፍቻውን ይዤ የምጠብቅሽ እኔ ነኝ።