የቀራጩ ሁለተኛ ዓይን

(በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ድልነሳውና የሥዕል መምህርቷ ትርንጎ ነገ ማተሚያ ቤት በሚገባ የልጆች የታሪክ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ይነታረካሉ፤ ግድግዳው ላይ የጋሽ ድልነሳው አያት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።)

ድልነሳው፦ አንዲት ዓይን ጨምሪለት ነው ያልኩሽ! አለቀ!

ትርንጎ፦ ዓይን እንደ እፍኝ ጨው አይጨመርም፣ ጋሼ። ሰውዬው የተሣሉት በጎን ነው። ሁለት ዓይን ካልኩ ፊታቸውን ማዞር አለብኝ።

ድልነሳው፦ አዙሪዋ! አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው።

ትርንጎ፦ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ከሐዲውን በጎን ባንድ ዓይን ነበር። እኔ አላመጣሁትም።

ድልነሳው፦ ለልጆቹም አስተምረሻቸዋል! ትናንት ራት ላይ ልጄ የትምወርቅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባዬ፣ ቅድመ አያቴ ስንት ዓይን ነበራቸው?» ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ትርንጎ፦ እኔ እኮ ስም አልጻፍኩም።

ድልነሳው፦ ስም ምን ያደርጋል? በጣሊያን ጊዜ የዚህን ገበያ ቀረጥ ማን እንደሰበሰበ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ትርንጎ፦ አገሩ ካወቀ እኔ ምን እደብቃለሁ? ሴቶቹ «ለጣሊያን ከምንከፍል ጨዋችንን ዝናብ ይብላው» ብለው ገበያውን ጥለው ወጡ። ማን አሳደማችሁ ሲባሉ ሁሉም ዝም። አያትዎ ግን ጣታቸውን ቀስረው ሴቶቹን ያስተባበረችውን ሽታዬን አሳዩ። እዚያው ገበያው መሃል ካለው ሾላ ሥር በጅራፍ...

ድልነሳው፦ በቃ! ተገዶ ነው! ከፊቱ ጣሊያን፣ ከኋላው አርበኛ። የት ይግባ?

ትርንጎ፦ እውነት ነው፣ መግቢያ አልነበራቸውም። ሽታዬስ ነበራት?

ድልነሳው፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ልጄ ምን በደለች?

ትርንጎ፦ የሽታዬ ዘሮችም እዚሁ ከየትምወርቅ ጋር ይማራሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጋሼ።

ድልነሳው፦ ስሚኝ ልጄ። መጽሐፉን የማሳትመው እኔ ነኝ። ወይ ፊቱ ይዞራል፣ ወይ መጽሐፉ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ትርንጎ፦ ኧረ በሕግ! ከየሽማግሌው ደጅ ለቅሜ ያመጣሁት ነው! ከነገሩኝ ግማሾቹ ሞተዋል። መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ለልጆቹ ማን ይነግራቸዋል?

ድልነሳው፦ እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው።

ትርንጎ፦ ምርጫ ይሉታል! በሩን ቆልፎ «ከፈለግሽ ውጪ» ማለት!

ድልነሳው፦ ታዞሪዋለሽ አታዞሪውም?

ትርንጎ፦ ...እሺ። ነጭ ወረቀት ለጥፌበት ፊታቸውን እንደገና እሥላለሁ። ከፎቶግራፉ ፊት ዞር ይበሉልኝ፣ ልየው።

ድልነሳው፦ ጎሽ! ግንባሩን ሰፋ አርጊው። ቆንጆ ሰው ነበር እኮ።

ትርንጎ፦ አፍንጫቸው ቀጥ ያለ ነው።

ድልነሳው፦ የቤታችን አፍንጫ ነው! ቅንድቡም እንዲሁ። ጣቱንስ?

ትርንጎ፦ የተስማማነው ስለ ዓይን ነው። ጣታቸው እንደተቀሰረ ሽታዬ ላይ ነው።

ድልነሳው፦ ይሁን፣ ይሁን። ብቻ ሰው ሰው ይምሰል።

ትርንጎ፦ ጨረስኩ። ይዩት።

ድልነሳው፦ (ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል) እስቲ...

ትርንጎ፦ ምነው ጋሼ?

ድልነሳው፦ ይሄ... ይሄ እኔ ነኝ እኮ!

ትርንጎ፦ አያትዎ ናቸው። ከፎቶው ላይ ነው የገለበጥኩት። በጎን ሆነው አይለዩም ነበር እንጂ ቁርጥ እርስዎን ናቸው።

ድልነሳው፦ የትምወርቅ ይህን ካየች... እኔ ሴትዮዋን ሳስገርፍ ነው የምታየው!

ትርንጎ፦ ሰው ይምሰል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ድልነሳው፦ መልሺው! በአባትሽ ትርንጎ፣ ወደ ጎን መልሺው! አንድ ዓይን ይበቃዋል!

ትርንጎ፦ እመልሳቸዋለሁ፣ ጋሼ። ልጅዎ ግን ዛሬም ራት ላይ ትጠብቅዎታለች። ስንት ዓይን ነበራቸው ይሏታል?