የጭን አጥንት ልክ

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሰው አካል የሚያስተምር መሆኑን ሲሰሙ ወደ እሱ ዞሩ።

«ወንዱም ሴቷም ልጄ አብረው እንደወጡ ቀሩ። ከወር በፊት የአንድ ሰው አጥንት ተገኘ። ሐኪሞቹ የጭን አጥንቱን ራስ ለክተው ወንድ ነው አሉኝ።»

«ትልቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፣ እማማ።»

«አብዛኛውን ጊዜ?»

«አጥንቷ ትልቅ የሆነ ሴትም ትኖራለች። ወንድና ሴትን በደንብ የሚለየው የዳሌው አጥንት ነው፤ እሱ አልተገኘም?»

«አልተገኘም። ልጄ እኮ ከወንድሟ ትገዝፍ ነበር! የገብስ ኩንታል ትሸከማለች። እሱን ‹ና ልዘልህ› እያለች ታበሽቀው ነበር።»

«ይህን ነገሯቸው?»

«ማን ጠየቀኝ? ወንድ ነው ሲሉኝ እሱን አለቀስኩ፤ በክርስትና ስሙ ፍትሐት አስደረግኩ። አሁን እንደገና ለኩልኝ ልላቸው ነው።»

«ቢለኩትም ያው ነው። ለዲኤንኤ ምርመራ ከእርስዎ ደም ወስደው የለ? ውጤቱ እስኪመጣ ይጠብቁ።»

«ነገ እኮ አርባው ነው! ቄሱ ስም ይፈልጋሉ። በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ፍትሐት ላስደርግ?»

መምህሩ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ።

«አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ሴት ናት?»

«በጭን አጥንት ብቻ አልልም።»

«ሴት ናት ብትለኝስ ደስ ሊለኝ ነው? እሱን ከመቃብር ሳነሳ እሷን ልቀብር!»

«እማማ፣ ይረጋጉ።»

«እሺ፣ ንገረኝ። የትኛቸውን ልጠብቅ?»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ ከእኅቴና ከእኔ የማን ትከሻ እንደሚሰፋ ለማስታወስ ሞከርኩ።