ወንበሬን ጓሮ አልደብቅም

ልጃችንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በሚመጡበት ቀን ባሌ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያንን ግሳንግስሽን ጓሮ ደብቂልኝ!» ግሳንግስ የሚለው ወንበሮቼን ነው። እዚህ ቆላው ሽንፋ ውስጥ፣ ሰሊጥ እርሻው ዳር ተጥሎ የቀረ የትራክተር ብረት ለቃቅሜ አስበይጄ፣ መቀመጫውን በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጠፍሬ የሠራኋቸው ናቸው። «አልደብቅም!» አልኩት። እሱም ከጎረቤት የእንጨት አግዳሚ ተውሶ መጣና ከወንበሮቼ ፊት አስቀመጠው።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አንጋፋው የቆላ ሰው ናቸውና፣ ከመቀመጣቸው በፊት አግዳሚውን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጉት። ድምፁ ባዶ ነው፤ ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል። ዞር ብለው የእኔን ወንበር ቢመቱት ብረቱ ጮኸ። እሱ ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«ይኼስ ጠንካራ ነው! ከየት አመጣችሁት?» አሉ።

ባሌ ፈጠን ብሎ «ከጎንደር አስመጥቼው ነው» አይል መሰላችሁ!

በሽማግሌ ፊት ሴት አትናገርም ይባላል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ከጎንደር አልመጣም። ከወዳደቀ ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ። ላስቲኩን አብራኝ የጠፈረችው ደግሞ ይቺው ልትጠይቋት የመጣችሁት ልጅ ናት። በዚህ የሚያፍር ካለ ከወንበሬ ይነሣልኝ!»

የተነሣ የለም። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። አባባ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ይበልጥ ተደላደሉ። ከዚያ ወደ ባሌ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲህ ልጅሽን ለልጃችን ስጪን ብለን መጥተናል» አሉኝ።