ደህና ነኝ የሚል ዲስክ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ምጥ የያዛትን ሁሉ «አይዞሽ» እያሉ የኖሩ አዋላጅ ናቸውና፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰፈርተኛው «እማማ አይዞሽ» ነው የሚላቸው። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ለጀማሪ አዋላጆች የሚሆን መጽሐፍ በላፕቶፕ መጻፍ ጀምረው፣ ሦስት ዓመት ለፍተውበት አሥራ ዘጠኝ ምዕራፍ ደረሰላቸው። ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቱም ሰኞ እንዲያስረክቡ ቀጥሯቸዋል።

ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው ሊያሳትሙ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሲያበሩት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ዲስኩ ስሕተት ስላለበት ሊመረመር ነው፤ ምርመራውን መዝለል የፈለገ ቁልፍ ይጫን ይላል። እማማ አይዞሽ አንብበው ሳይጨርሱ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነበር። ልማድ ክፉ ነው!

ከኋላቸው ተራ የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ይህን አየች። ሥራዋ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ ሆዷም ገፋ ብሏል። አይታ እንዳላየች ማለፍ አላስቻላትም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምርመራውን ለምን ዘለሉት?»

«አራት ወሩ ነው ልጄ፤ በነጋ በጠባ ይነዘንዘኛል። እኔም ዝም አሰኘዋለሁ።»

ወጣቷ ላፕቶፑን እንዴት እንደሚያጠፉት ጠየቀች። እማማ አይዞሽ፣ እንደ ድሮ ሬዲዮናቸው፣ የማብሪያውን ቁልፍ ድርግም እስኪል ጫን እንደሚሉ በኩራት ነገሯት። ያኔ ልጅቷ በትሕትና አስረዳቻቸው፦ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ በድንገት ከተቋረጠ የትኛው ጽሑፍ የት እንዳለ የሚይዘው መዝገቡ ይዘበራረቃል፤ ይህን ያህል ጊዜ ስሕተት ካለ ደግሞ ዲስኩ ራሱ ሳይደክም አይቀርም። ሌላ ቦታ ገልብጠው አስቀምጠው እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ አንድ መጽሐፍ ሁለት ቦታ ማኖር ራስን ግራ ማጋባት ነው ብለው ተከራከሩ። ግትርነታቸውማ የታወቀ ነው።

«እየሠራ እኮ ነው! ትናንት እንኳ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጽፌበታለሁ። የማያመውን ምን ብዬ ላስመርምር?»

ወጣቷ ፈገግ አለችና መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ስለ ማዋለድ መሆኑን ስትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ እንዲህ ያለችዎት እናት አልነበረችም?» አለቻቸው።

ነበሩ እንጂ! እማማ አይዞሽ ስንቷን ተመርመሪ እያሉ በር ለበር ዞረው ለምነዋል። ሦስተኛው ምዕራፍ እንዳለ ስለ እነሱ ነው፤ ርእሱም «ደህና ነኝ የምትል እናት» ይላል። በራሳቸው ቃል መያዛቸው ገብቷቸው ሳቃቸው መጣ።

«በይ እሺ፣ ረታሽኝ። አሁኑኑ ይመርመር።»

«አሁን አይሆንም። መጀመሪያ መጽሐፉን እናውጣ። የደከመ ዲስክ ምርመራው ራሱ ሊጥለው ይችላል።»

ሁለት በር አልፎ ወዳለው ሱቋ ወሰደቻቸው። ዲስኩን እንዳታደክመው ላፕቶፑን በዲስኩ ሳይሆን በፍላሽ አስነሥታ መገልበጥ ጀመረች። አሥራ ሰባቱ ምዕራፍ ሰተት ብሎ ወጣ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ቀጥ አለ። የሦስት ዓመት ልፋታቸው ነውና እማማ አይዞሽ በርጩማቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ።

«አይዞዎት» አለቻቸው ልጅቷ። ቃሉን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያድሉ ኖረው፣ ለራሳቸው ሲደርሳቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በሦስተኛው ሙከራ ወጣ። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ግማሹ ብቻ ተገኘ። ትናንት የጻፉት ስለሆነ ከአእምሯቸው አልጠፋም፤ እስከ ሰኞ ይደርሱበታል። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ሲመረመር ሊጠገን የማይችል ሆኖ ተገኘና በአዲስ ተተካ። ወጣቷም ላፕቶፑን በወጉ ማጥፋትን፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቶሎ መገልበጥን፣ ባይመጣም አርብ አርብ አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ ማኖርን አስተማረቻቸው።

እማማ አይዞሽ ጣታቸውን እየቆጠሩ ትምህርታቸውን ደገሙ። ቀጥለው ሆዷን አዩ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ስድስት።»

«ክትትልሽስ?»

ልጅቷ መፍቻዋን ማገላበጥ ጀመረች። አንዴ ሄዳ ነበር፤ ከዚያ ሥራ በዛባት። «ደህና ነኝ እኮ እማማ፣ ምንም አላመመ...» ብላ ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች።

እማማ አይዞሽ ላፕቶፑን በወጉ አጥፍተው በፎጣ ጠቀለሉና፣ «ሱቁን ዝጊው፤ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው» አሏት።

ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። በጊዜ ስለተደረሰበት መድኃኒት ተሰጣት፤ ጊዜዋ ሲደርስም ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። መጽሐፉም ሰኞ ለማሠልጠኛው ደርሶ ዛሬ ጀማሪዎቹ ይማሩበታል። እንግዲህ ሁለቱም ያተረፉት ለምርመራ ጊዜ በመስጠታቸው ነው። አሁን አርብ በመጣ ቁጥር እማማ አይዞሽ ላፕቶፓቸውን ይዘው ወደ ሱቁ ይሄዳሉ፤ ቅጂው ፍላሽ ላይ እስኪገለበጥም ሕፃኗን ታቅፈው ይቀመጣሉ።