የአቶ ኦቻንግ ፊደላትና የእኔ ዝምታ

አቶ ኦቻንግ ኦጁሉ ከአባታቸው ከአቶ ኦጁሉ ኦቦንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሪየት ኡማን በ1956 ዓ.ም. በአቦቦ ወረዳ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በጋምቤላ ከተማ ካጠናቀቁ በኋላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ዐሥራ አራት ዓመት አገልግለው፣ በ1993 ዓ.ም. ከባሮ ወንዝ ዳርቻ ብዙም ሳይርቁ የራሳቸውን የጽሕፈትና የሕትመት ቤት ከፈቱ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ አጅዋንግ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አራት ልጆችን አፍርተዋል።

ይህን የማነብላችሁ እኔ መልአኩ፣ ከደጋ መጥተው አቦቦ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለድኩና ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ቤት አብሬያቸው የሠራሁ ነኝ።

አቶ ኦቻንግ ፎንት፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደል የሚጽፍበትን ቅርጽ፣ ይሰበስቡ ነበር። በድሮ ኮምፒውተር የተጻፈ ጽሑፍ የተጻፈበት ፎንት ከጠፋ፣ ሲከፈት ቃሉ ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ስለሚሆን፣ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየቤተ ክርስቲያኑ የመጣውን ሁሉ አንድም ሳይጥሉ አስቀመጡ። ከሺህ ሲያልፍም ፎንት የሚያደራጅ ሶፍትዌር ጭነው፣ የአማርኛውን፣ የአኙዋክኛውንና የኑዌርኛውን ለይተው፣ የትኛው ለየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ በየምድቡ ጻፉ። ከሁሉ የሚሳሱለት ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት የአኙዋክኛ መዝሙሮች የተጻፉበትን፣ ለቋንቋው ድምፆች የሚያስፈልጉትን ፊደላት በገዛ እጃቸው ቀርጸው የጨመሩበትን ፎንት ነበር። ስሙን ስላልለወጡት ሶፍትዌሩ ከተነሡበት ከዋናው ፎንት ጋር ድግግሞሽ ነው እያለ ያሳየን ነበር። «ስማቸው ነው እንጂ አንድ፣ ውስጣቸው አንድ አይደለም፤ እንዳትነካቸው» ብለውኛል። ሰምቻለሁ።

በ2013 ዓ.ም. ለስኳር ሕመማቸው ሕክምና ወደ ጅማ በሄዱበት ሳምንት የሠርግ ጥሪ ካርድ ለማድረስ ስጣደፍ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈብኝ፤ እኔም ድግግሞሹን ሁሉ አጥፋ ብዬ አዘዝኩት። መጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ዲስክም ተሰክቶ ስለነበር የመዝሙሩ ፎንት ከሁለቱም ጠፋ።

ከወር በኋላ መዝሙሩ በድጋሚ ይታተም ተብሎ ሲከፈት ገጹ በባዶ ሳጥን ተሞላ። ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥታችሁ ምን እንደሆነ ስትጠይቁ፣ አቶ ኦቻንግ እኔን ሳያዩ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እጄ ሳተ» አሉ። እኔ ወረቀት አስተካክል ነበር። አንገቴን አላቀናሁም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሐኪም ዓይንዎን ያሳርፉ እያላቸው፣ ከአሮጌ የታተመ መጽሐፍ ላይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያጎሉ እንደገና ሳሉ፤ እያንዳንዱንም በገጹ ላይ ካለው ባዶ ሳጥን ጋር እያመሳከሩ ወደ ቦታው መለሱት። መጽሐፉ በ2016 ለፋሲካ ታተመ። እርሳቸው ግን በዚያን ጊዜ ማንበብ አልቻሉም፤ ልጃቸው ነበረች ያነበበችላቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ «እኔ ነኝ» ለማለት ሺህ ቀን ነበረኝ። ሰው ገባ፣ ሥራ በዛ፣ ደክመዋል እያልኩ አሳለፍኩት። ሕመማቸው ወደ ኩላሊት ተዛምቶ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት ከሰዓት ይህን ጽሑፍ ለወይዘሮ አጅዋንግ ሳነብላቸው የፎንቱ ነገር አልነበረበትም። አንብቤ ስጨርስ ማለፍ አቃተኝና ነገርኳቸው። «እሱ ያውቅ ነበር። አንተ እስክትነግረው ነው የጠበቀው። አሁን ለእነሱ ንገር» አሉኝ። ስለዚህ ነገርኳችሁ።

አቶ ኦቻንግ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አጅዋንግን፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ በጎግ የሚኖሩ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ጃልንና አንድ የሥራ ባልደረባ ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡንና ሽማግሌዎቹን በአስከሬናቸው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከእርሳቸው ግን የምጠይቅበት ቀን አልፎብኛል።

የጠሩት ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን፤ የደከሙትን ዓይኖቻቸውንም በብርሃኑ ይክፈትላቸው። አሜን።