ሕዝብ ያልገባበት የሕዝብ ማዕከል

መናገሻ አጠገብ ፊደል የቆጠርኩበት አሮጌ ትምህርት ቤት ታድሶ የሕዝብ ማዕከል ሆነ ተባለና ለምረቃው ሄድኩ። ሪባኑ ተቆርጦ እንግዶቹ ሲገቡ፣ እኛን የሰፈሩን ሰዎች ጥበቃው በር ላይ አቆመን። ድሮ ያስተማሩኝ ኦቦ ቱሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ማዕከሉ ኃላፊ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ እኛስ መቼ ነው የምንገባው?» ሲሉ ጠየቁት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሴራሚኩ አዲስ ነው። ሕዝብ ከገባበት ይበላሻል» አላቸው በትሕትና።

ኦቦ ቱሉም፣ «እኔ ሳስተምር ወለሉ አፈር ነበር። ለካ ያን ሁሉ ልጅ ያስገባሁት ለዚያ ነው» አሉ።

ኃላፊው የተመሰገነ መስሎት አጨበጨበ። ምናልባት ያስገባን ይሆናል ብዬ እኔም አጨበጨብኩ። አላስገባንም። የእሁዱን የዕድር ስብሰባ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ዝናብ እየወረደብን ጨረስነው።