ዓይን እንዳይበላት ብዬ

«አባባ፣ ሐኪሟ ልታናግርህ ነው» ብላ ልጄ የሞባይሉን ድምፅ ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። በኢንተርኔት ያገኘቻት፣ አዲስ አበባ ያለች የሥነ ልቦና ሐኪም ናት። ልጄ በደሳ ከተማ አስተማሪ ሆና ሳለ ራሷን ከሰው በታች እያየች፣ ተማሪ ፊት መቆም ፈርታ ጭሮ ከተማ ወዳለው ቤቴ ተመልሳ ነበር። ሐኪሟ «አባቴ፣ ልጅዎ ምን ጥሩ ነገር አላት?» አለችኝ። በኛ ዘንድ ልጅን ባዕድ ፊት ማመስገን ለዓይን መስጠት ነው። «ኧረ እሷ ምን አላት! እንዲሁ ናት» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ልጄ «ያልኩሽ ይኸው ነው፣ ሰማሽ?» ብላት ስልኩን ዘጋች።

«ዓይን እንዳይበላሽ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። «እኔና አንተ ብቻችንን ስንሆንስ አባባ፣ ማን ይሰማን ነበር?»